ያገለገለች ራቭ ፎር ልገዛ ነው፤ «ውሃ ትንሽ ትጠጣለች» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ መምህርት ከአያት

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤቴ ከአያት እስከ ሥራ ቦታዬ ስድስት ኪሎ በታክሲና በአውቶቡስ ስመላለስ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምነውን ይዘን አንድ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ወስነናል። ዓይናችን ያረፈው በአንዲት የ2004 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ላይ ነው። ባለ 2.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል፣ ከአውሮፓ የመጣች፣ ኮድ 2 ናት። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ላይ የሚነበበው 168,000 ሲሆን የአሁኑ ሻጭ ሦስተኛ ባለቤቷ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሻጩ ግቢ ሄደን አየናት። ቀለሟ ያምራል፣ ወንበሮቿ ንጹሕ ናቸው፣ ኮፈኑ ሲከፈትም ሞተሩ ታጥቦ ያብለጨልጫል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አለኝ። የኋላውን በር ስከፍት ከክሪኩ አጠገብ ሁለት ግማሽ የደረሱ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ተቀምጠዋል። ለምን እንደሆኑ ስጠይቅ ሻጩ ምንም ሳይሸሽግ «ውሃ ትንሽ ትጠጣለች፤ በሳምንት አንዴ ይሙሉላት እንጂ ሌላ እንከን የላትም» አለኝ። ደላላውም ቀበል አድርጎ «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው» አለ። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳናት፤ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ፈቀቅ አላለም፤ የቆመችበት መሬት ላይም አንዲት ጠብታ አላየንም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ የውሃ ነገር ሊያሳስበን ይገባል ወይስ የዋጋ ድርድር ማድረጊያ ብቻ ነው? ሁለተኛ፣ ከመግዣው ዋጋ ሌላ እንዲህ ያለ መኪና በዓመት ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? በወር ሁለት ጊዜ ቤተሰብ ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ስለ መኪና የማውቀው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ መካኒክ ከጎፋ

እህቴ፣ ቀብድ ካልከፈሉ እሰየው፤ ለጊዜው አይክፈሉ። ጤነኛ መኪና ውሃ አይጠጣም። የማቀዝቀዣው መስመር የተዘጋ ነው፤ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ያው አንዱ ውሃ ይዞራል እንጂ የሚያልቅበት ምክንያት የለም። በየሳምንቱ መሙላት ካስፈለገ ውሃው በየሳምንቱ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ ሥራችሁ የት እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

በዚህች መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረውን ልንገርዎት። ሞተሯ 1ኤዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ሞኖብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ አሉሚኒየም ሲሆን ቴስታታውን፣ ማለትም ከላይ የሚገጠመውን ክዳን፣ አጥብቀው የሚይዙት አሥር ብሎኖች የሚነክሱት በዚሁ አሉሚኒየም ውስጥ የወጣውን ጥርስ ነው። በእነዚያ ዓመታት በተሠሩት የዚህ ቤተሰብ ሞተሮች ላይ፣ በተለይ ደግሞ ታላቁ ወንድሙ በሆነው በባለ 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ላይ፣ ከኋላ በኩል ያሉት ብሎኖች የሚነክሱት የአሉሚኒየም ጥርስ ከጊዜና ከሙቀት ብዛት እየተላጠ እንደሚለቅ በዓለም ዙሪያ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ አምራቹም በኋለኞቹ ሞተሮች ላይ የጥርሱን ርዝመት ጨምሮበታል። ብሎኑ ሲላላ ቴስታታው በዚያ በኩል በደንብ አይነክስም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ያፈስና ውሃው ቀስ እያለ በውጭ በኩል ይወጣል።

መሬት ላይ ጠብታ ያላያችሁበት ምክንያትም ይኸው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ ስለሆነ የሚያፈስበት ጎን ወደ ሾፌሩ ክፍል ግድግዳ የዞረው ነው፤ የጭስ ማውጫውም በዚያው በኩል ነው። የወጣው ውሃ መሬት ሳይደርስ በጋለው ብረት ላይ ይተናል። ብዙ ገዢ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ዘይትና ውሃ ሲቀላቀል የሚታየውን ወተት የመሰለ ነገር ካላየ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጉዳት ውሃውን የሚያፈሰው ወደ ውጭ ስለሆነ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የሞተሩ መታጠብም አያስደስተኝም፤ ውሃ የፈሰሰበት ቦታ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቅርፊት ከሁሉ በፊት ታጥቦ የሚሄድ ማስረጃ ነውና።

እንግዲህ ለማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት በማለዳ፣ ማንም ሳያስነሳት ሂዱ። ለሻጩ ቀድማችሁ «እባክዎ ሞተሩን እንዳያሞቁት» በሉ፤ ደርሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ ስታሳርፉ ሞቆ ካገኛችሁት ያው መልሱ ተነገራችሁ ማለት ነው። በቀዘቀዘ ሞተር ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በሞቀበት ከከፈታችሁት ፊት ያቃጥላል። ውሃው እስከ አፉ መሙላት አለበት፤ ቀለሙም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀይ ወይም ሮዝ እንጂ የዝገት ቡናማ መሆን የለበትም። ክዳኑን መልሳችሁ ካስነሳችሁ በኋላ በቆመችበት ሃያ ደቂቃ ያህል ትሥራ፤ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ መስመሩ ውስጥ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ከዚያ አንድ መካኒክ በትንሽ መስታወትና በባትሪ ከሞተሩ ጀርባ ቴስታታውና ሞኖብሎኩ የሚገናኙበትን መስመር ይመልከት። የሙቀት መለኪያውን አትመኑት፤ የእነዚህ መኪኖች መርፌ ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ ረግቶ እንዲቆም የተደረገ ነውና ሲንቀሳቀስ ነገሩ አልፏል። በኮምፒውተር መመርመሪያ ትክክለኛውን ዲግሪ ማንበብ ይሻላል።

ስለ ደብረ ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለሚል ቀደም ብሎ ይፈላል። የዚህ ሞተር መደበኛ ሙቀት ከዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚያምቀው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ደህና ከሆነና መስመሩ ካላፈሰሰ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከተማ ለወራት «ትንሽ እያፈሰሰች» ልትነዳ የምትችል መኪና በእኛ ደጋ ሸኖ ሳትደርስ ልትፈላ ትችላለች። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ አሉሚኒየም ቴስታታ ደግሞ ይጣመማል።

ጥገናው አለ፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቴስታታውን አውርዶ፣ ቶርኖ ቤት አስልጎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ በዚያው በተላጠው ጥርስ ላይ መልሶ ማሰር ነው፤ ይህ ለሽያጭ የሚደረግ ጥገና ነው፤ ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም። ሁለተኛው አሥሩንም ቀዳዳ አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ በውስጡ ባለ ጥርስ የብረት ቀለበት ማስገባት ነው። ይህ በትክክል ከተሠራ ከመጀመሪያው የፋብሪካ ጥርስ ይጠነክራል። ሻጩ «ቴስታታው ተሠርቷል» ካላችሁ «የብረት ጥርስ ገብቶለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ፊቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ።

ምላሽ፦ ቨርጂኒያ ነዋሪ

የጎፋው ወንድሜ የጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም ውሃ የሚጎድልባት ራቭ ፎር ሁሉ የቴስታታ ችግር አለባት ብሎ መደምደም ይከብዳል። የዚህ ሞተር የውሃ ፓምፕም ዕድሜው ሲገፋ በዘንጉ በኩል ያነባል፤ እሱም የሚደርቀው ሞተሩ ላይ ስለሆነ ጠብታ ላይታይ ይችላል። የራዲያተሩ የፕላስቲክ ጫፍም ይሰነጠቃል። እነዚህ ቀላል ጥገናዎች ናቸው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ መኪናዋን ወዲያው ከመተው ይልቅ የማቀዝቀዣ መስመሩን በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ መፈተሽ ነው፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ የት እንደሚያፈስ ሞተሩ ሳይሞቅ ይታያል።

እኔ እዚህ አሜሪካ የ2003 ሞዴሏን ለዘጠኝ ዓመታት ነድቻለሁ። ስለ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አንድ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ከ2001 እስከ 2003 ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት አውቶማቲኮች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ሲበላሽ ማርሹ በኃይል እየመታ ይገባ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ጤነኛ ካምቢዮ አስወርዶ ከንቱ ገንዘብ አውጥቷል። አምራቹ በኋላ የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሟል። የእርስዎ የ2004 የአውሮፓ ስለሆነች በዚያ ክልል ውስጥ አትገባም፤ ሆኖም ሻጩ ወይም ደላላው «ካምቢዮው አዲስ ነው» ካለ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ አይከፋም። ካምቢዮው የሚፈልገው ዘይት ታይፕ ቲ-4 የሚባለው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ዘይት መቀየሪያ ቤት ገብቼ «ለሁሉም ይሆናል» የተባለ ዘይት ተሞልቶልኝ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትሸጋገር መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አስደፍቼ በትክክለኛው እስካስተካክል ድረስ ሁለት ወር ተሠቃየሁ። ሲሞክሯት ቀስ ብለው ዳገት ይውጡባትና ማርሽ መሸጋገሪያዋን ያዳምጡ።

ሌላው የአየር ከረጢቱ ጉዳይ ነው። በታካታ የአየር ከረጢት ምክንያት ከተጠሩት መኪኖች መካከል የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር ይገኙበታል። ያ ከረጢት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት የሚነፋው ኬሚካል ይበላሽና ሲፈነዳ የብረት ስባሪ ይረጫል። ከአውሮፓ ከመውጣቷ በፊት ተቀይሮላት እንደሆነ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የቶዮታ ወኪሉን ይጠይቁ። መንገድ ላይ የሚያስቆም ብልሽት አይደለም፤ ግን ልጆች ይዘው ደብረ ብርሃን ለሚሄዱ ሰዎች ከወንበር ልብስ የሚቀድም ነው።

ምላሽ፦ ሒሳብ ሠራተኛው

ስለ ወጪው እኔ ልመልስ፤ ተመሳሳይ ሞዴል ስላለኝና ከገዛኋት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ወጪ በደብተር ስለምመዘግብ ነው። ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች።

ትልቁ ወጪ ቤንዚን ነው፤ ብልሽት አይደለም። ባለፈው ዓመት 11,400 ኪሎ ሜትር ነድቼ 1,430 ሊትር ገደማ ፈጅታብኛለች፤ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር አሥራ ሁለት ተኩል ሊትር። ፎር ዊል አውቶማቲክ በመሆኗና በአዲስ አበባ መጨናነቅ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ የእኔ ብቻ ከ143,000 ብር በላይ መሆኑን ማስላት አያዳግትም። ከአያት ስድስት ኪሎ ደርሶ መልስና የደብረ ብርሃኑን ጉዞ ከደመራችሁ እናንተ ከእኔ በላይ ትነዳላችሁ እንጂ አታንሱም። ከዚህ በላይ የምትፈጅ ከሆነች ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም የተጣበቀ ፍሬን ይፈተሽ።

ቀጥሎ የእግሯ ነገር ነው። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ጎሚኒ፣ ስታቢላይዘር ሊንክና ቴስቲና የሚባሉትን የፊት እግር መገጣጠሚያዎች በየጊዜው ይበላል። የኋላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ሲያልቅ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ እንደ አውሮፕላን ማጓራት ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የጎማ ድምፅ ይመስለውና ጎማ ይቀይራል። ፎር ዊል ስለሆነች አራቱም ጎማዎች አንድ ልክና ተቀራራቢ ጥርስ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ሁለት አዲስ ከሁለት ያለቀ ጋር ማቀላቀል የመሃል ማከፋፈያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ስለዚህ ጎማ ሲገዛ በጥንድ ሳይሆን በአራት የሚገዛ ወጪ አድርገው ያስቡት።

የዕቃ ዋጋ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሌላ ሆኗል። በሶማሌ ተራ ለራቭ ፎር የማይገኝ ዕቃ የለም፤ ይህ ትልቁ በጎ ነገሯ ነው። ነገር ግን ኦርጅናል፣ ኮፒና ያገለገለ ሦስቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልዩነታቸው ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። እኔ የውሃ መስመር ዕቃዎችን፣ ማለትም ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳንና ፓምፕ፣ ኮፒ አልገዛም፤ የፕላስቲክ ሽፋንና የበር እጀታ ግን ያገለገለ ይበቃኛል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኢንሹራንስ ነው። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ ሙሉ ዋስትና ከገባችሁ ግን መኪናዋን በዛሬ የገበያ ዋጋዋ አስመዝግቧት። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ዋጋ ወደ ላይ ሄዷል። ለምሳሌ ሁለት ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ዋስትና ብትገባና የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት፣ በብዙዎቹ ውሎች መሠረት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈላችሁ። ዓረቦኑን ለመቆጠብ ብለው ይህን ያደረጉ ጎረቤት አሉኝ፤ አሁንም ከጋራዥ መኪናቸውን አላወጡም።

በመጨረሻ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር ይመሳከር፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ የቴስታታ ችግር ሲመጣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር የተለመደ ስለሆነ፣ ሳይመዘገብ የተቀየረ ሞተር በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ቦሎ ያሳጣችኋል። ሌላው፣ ቁልፉን ሳታስነሱ ስታዞሩት የሞተር መብራቷ ቢጫ ሆኖ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለበት። መጀመሪያውኑ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ብልሽት ለመደበቅ ተነቅሏል ማለት ነው፤ ምናልባት ከጭስ ማውጫው ላይ ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ተቆርጦ ተሽጦ ይሆናል።

ምላሽ፦ መካኒክ ከጎፋ

ለቨርጂኒያው ወንድሜ፦ ፓምፕ ሊሆን እንደሚችል አልክድም፤ በግፊት መፈተሹም ተገቢ ነው። ግን ሦስተኛ ባለቤት በሳምንት አንዴ ውሃ እየሞላ ፓምፕ ሳይቀይር ለምን ይሸጣል? ፓምፕ ቢሆን ቀይሮ ዋጋ ያስጨምርበት ነበር። ፍርዴ ይኼ ነው፤ በፈተናው ብሳሳት ደስ ይለኛል። ደግሞም በንጹሕ ውሃ ብቻ የሞላ መስመር ዓመት ከዘለቀ ፓምፑንም ቴስታታውንም ከውስጥ ስለሚበላው፣ ማንኛውም ገዢ ከገዛ በኋላ መስመሩን አጥቦ ትክክለኛውን ፈሳሽ መሙላት ይኖርበታል።

ጠያቂዋ፦ መምህርት ከአያት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ መካኒክ ጋር ሄድን። ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳ ዓርብ ማታ ደውዬለት ነበር። ኮፈኑን ስነካው ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚህ ረገድ ሰውየውን አልወቅስም። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ግን ውሃው አይታይም ነበር፤ መካኒኩ ጣቱን ሲያስገባ የሻይ ቀለም ያለው ዝገት ይዞ ወጣ። ውሃ ሞልተን በግፊት መፈተሻው ስንሞክር መርፌው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወረደ። መካኒኩ መስታወቱን ከሞተሩ ጀርባ አስገብቶ «ይኸው፣ ራስዎ ይዩ» አለኝ። በቴስታታው መጋጠሚያ ላይ፣ መሃል ላይ፣ እንደ ላብ ያለ እርጥበት በባትሪው ብርሃን ያበራ ነበር።

ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ ፈቃደኛ ነው፤ የቀነሰው ግን የጓርኒሲዮን መቀየሪያ ያህል እንጂ አሥሩን ቀዳዳ የማስገጠሚያውን አይደለም። ባለቤቴ እንቢ አለ፤ እኔም ተስማማሁ። አሁን በሚቀጥለው ሳምንት የምናያት ሌላ የ2005 ሞዴል ካራ አካባቢ አግኝተናል። ባለቤቷ በስልክ «ቴስታታው የብረት ጥርስ ገብቶለታል፤ የሠራው ጋራዥ ደረሰኝም አለኝ» ብለውኛል። ደረሰኙ ላይ ምን ተጽፎ ማየት እንዳለብኝ የጎፋው መካኒክ ቢነግሩኝ?

ምላሽ፦ መካኒክ ከጎፋ

የገባው ጥርስ ብዛት ይጻፍበት፤ አሥር መሆን አለበት። ከኋላ ሦስቱን ብቻ የሠሩ ካሉ የቀሩት ሰባቱ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። አዲስ የቴስታታ ብሎኖች መገዛታቸውንም ተመልከቱ፤ እነዚያ ብሎኖች ሲታሰሩ የሚለጠጡ ስለሆኑ የድሮዎቹን ዳግም ማሰር አይመከርም። ቀኑ ከስድስት ወር በላይ ከሆነና ዛሬም ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቶ ካገኛችሁት ጥሩ ተሠርቷል። ለማንኛውም መስታወቱን ይዛችሁ ሂዱ።